የሲግቫልድ ጦርና የሚካኤል ዝይ

አርንኬል በጋውን ሙሉ አንድ ንግግር ሲያጠና ከረመ። ላሞቹ ሰምተውታል፤ የታጨደው ስንዴ ሰምቶታል፤ ሚስቱ ጉንቮርማ ከሁሉ አብዝታ ከመስማቷ የተነሣ እርሱ ቃል ሲሳሳት ሊጥ እያቦካች ታርመው ነበር።

ንግግሩ ስለ አንድ ስም ነው። በሰሜን እንግሊዝ ከአንድ ወንዝ በስተ ሰሜንና በስተ ደቡብ ያሉት ሁለት ትንንሽ ወረዳዎች በንጉሡ ትእዛዝ አንድ ወረዳ ሊሆኑ ነው፤ አዲሱ ወረዳ በምን ስም እንደሚጠራም ነፃ ሰዎች በዓመት አንዴ ዝይ እየተጠበሰ በሚከበረው በቅዱስ ሚካኤል ዕለት ተሰብስበው እንዲወስኑ ተነግሯል። አርንኬል የሚሻው ስም አንድ ብቻ ነበር፤ «የሲግቫልድ ጉብታ»። ሲግቫልድ አያቱ ነው። ከባሕር ማዶ የመጡት የዴንማርኮች ወገን፣ በአርንኬል እምነትም በዚያ አገር ከተወለዱት ሁሉ አስፈሪው ጦረኛ ነበር። ከቤቱ ጀርባ ያለው ጉብታ በስሙ የሚጠራው ሽማግሌው በየማለዳው ጦሩን ተደግፎ እዚያ አናት ላይ ይቆም ስለ ነበር ነው። ሲቆም አርንኬል በልጅነቱ አይቶታል። ጠላት እየጠበቀ እንደሆነ ማንም ሳይነግረው ዐወቀ፤ ከዚያች ቀን ጀምሮም ለሚሰማውም ለማይሰማውም ሲናገር ኖረ። ራሱን ማወደስ የሚያፍር ሰው አያቱን ያወድሳል፤ እንዲህ ያለው እፍረት ግን ከእፍረት አይቈጠርም።

በዚያ አገር ወረዳን «ዋፐንቴክ» ይሉታል፤ ብረት የሚነካካበት እንደ ማለት ነው። አዲስ ሹም ሲሾም ከፈረሱ ወርዶ ጦሩን ቀጥ አድርጎ ያቆማል፤ ነፃ ሰዎችም አንድ በአንድ እየቀረቡ የየራሳቸውን ጦር ከእርሱ ጦር ጋር ያነካካሉ። ያነካካ የወረዳው ሰው ነው፤ በጉባኤው ላይ አንደበት አለው። ሹሙ ጦሩን መሬት ላይ ከተከለ በኋላ የደረሰ ግን እስከሚቀጥለው ዓመት ሚካኤል ድረስ እንደ በግ ቆሞ ከመስማት በቀር ድርሻ የለውም። መጥረቢያ አይቈጠርም፤ የተዋሱት ጦርም አይቈጠርም። በደቡብ ያሉት እንግሊዞች በዚህ ፈንታ ወረዳቸውን «መቶ» ይሉታል። መቶ ምን እንደሆነ ሲጠየቁ አንዱ መቶ ቤት ነው ይላል፣ ሌላው መቶ ጦረኛ፣ ሦስተኛው መቶ የእርሻ ድርሻ፤ ቈጥሮ መቶ የሞላለት ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም። የሰሜን ሰዎች ሐዘን ሲጸናባቸው ይህን እያነሡ ይጽናናሉ።

በሚካኤል ዕለት ጧት አርንኬል ጢሙን አበጠረ፣ የክት ካባውን ደረበ፣ የአያቱን ጦር ሊያወርድም እጁን ወደ ግድግዳው ዘረጋ። እጁ ባዶ ማንጠልጠያ ነካ።

«ጉንቮር።»

«አቤት።»

«ጦሩ የት ሄደ?»

«የቱ ጦር?»

«ስንት ጦር አለን አንቺ ሴትዮ?»

«እሳቱ ጋ ነው።»

«እሳቱ ጋ ምን ያደርጋል?»

«ሥራውን ነዋ።»

አርንኬል ወደ ምድጃው ሮጠ። የሲግቫልድ ጦር በሁለት ድንጋዮች ላይ ተጋድሟል፤ ረጅሙ ብረት በአንዲት የሰባች ዝይ ሆድ ገብቶ በአንገቷ በኩል ወጥቷል። ጉንቮር በርጩማ ላይ ተቀምጣ የእንጨቱን እጀታ በቀስታ ታዞረዋለች። ዝይዋ ካንድ ወገኗ ቀላ ማለት ጀምራለች።

«የአያቴን ጦር ዝይ ወጋሽበት?»

«ሞታ ነው የተወጋችው፤ ብዙ አልተሰማትም።»

«የመጥበሻው ዘንግስ?»

«ዘንጉ ከተሰበረ ቆየ እኮ። ገና በፋሲካ ነግሬህ ‘እሺ’ ብለኸኛል። እሺ ላይ ደግሞ ዝይ አይጠበስም።»

«ከፋሲካ ጀምሮ?» አለ አርንኬል።

«የበላሃቸው ሁሉ በምን የተጠበሱ መሰሉህ? ስጨርስ አጥቤ እሰቅለዋለሁ፤ አንተ ሽቅብ እያየህ ‘አይ የዚህ ጦር ገድል’ ትላለህ። ከንፈርህን ጠርገህ እንኳ አትጨርስም።»

አርንኬል ጦሩን ከእሳቱ ላይ አንሥቶ ዝይዋን በጨርቅ ይዞ ወደ ፊት ሳበ። ዝይዋ ንቅንቅ አላለችም። እግሩን በምድጃው ጠርዝ ላይ አድርጎ ደግሞ ሳበ።

«በዚያ በኩል አትወጣም» አለች ጉንቮር። «ጦሩ ወደ ኋላ የዞሩ ሁለት ጥርሶች አሉት። እየቆረስኩ ነው የማወርዳት።»

«እንግዲያው ቁረሺያት።»

«ጥሬ ናት። በሚካኤል ቀን ጥሬ ዝይ ቆርሳ ያበላሸች እንድባል ነው?»

በዚህ ጊዜ ከኮረብታው በኩል የሹሙ ቀንደ መለከት ተነፋ። አርንኬል ጦሩን አየ፣ ዝይዋን አየ፣ ሚስቱን አየ። የበጋው ልፋት፣ ላሞቹ ያዳመጡት ያ ሁሉ ቃል ታወሰው። ከዚያም ጦሩን ከነዝይዋ ትከሻው ላይ ጥሎ ከቤት ወጣ።

«ዝይዬን» አለች ጉንቮር ከኋላው፤ እርሱ ግን አጥሩን ተሻግሯል።

ዕድሜው ስድሳን ያለፈ፣ የክት ካባ የለበሰ፣ በቁመናውና በቁምነገሩ የታወቀ ሰው፣ ጭሷ የሚትጎለጎል ዝይ በጦር ላይ ሰክቶ በታጨደ ማሳ መካከል ሲሮጥ ማየት በየዓመቱ የሚገኝ ነገር አይደለም። ስለዚህ ያየው ሁሉ ሥራውን ተወ። በመጀመሪያ የራሱ ውሻ ተከተለው። ቀጥሎ የጎረቤት ውሾች ተከተሉት። ወፍጮ ቤቱን ሲያልፍ በዕድሜው አይቶት የማያውቅ፣ አንድ ጆሮ ብቻ ያለው ትልቅ ቢጫ ውሻ መጥቶ ከሁሉ ፊት ሆነ፤ ከዚያ በኋላ የሰልፉ አለቃ እርሱ ይመስል ነበር።

«አያ አርንኬል፣ ጦርነቱ ከማን ጋር ነው?» አለው አንድ በአጥር ላይ የተደገፈ ሰው።

«መንገድ ልቀቅ።»

«መንገዱስ ክፍት ነው፤ ምርኮኛዋ ግን እንዳትቃጠል ገልብጣት።»

«ሽማግሌ ላይ ትስቃለህ?»

«በአንተ አይደለም አያ፤ ካንተ ጋር ያለችው ናት ያሳቀችኝ።»

ስቡ በአንገቱ ገብቶ በጀርባው ይወርዳል። ነፋስ በመጣ ቁጥር ዝይዋ ትወዛወዛለች፤ በተወዛወዘች ቁጥር አርንኬልን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ትስበዋለች፤ ስለዚህ ቀጥ ያለውን መንገድ እንደ ሰካራም እየተጣመመ ጨረሰው።

ጉባኤው የተጠራው ስም በሌለው ገላጣ ኮረብታ ላይ ነበር። ያ ቦታ የተመረጠው ከሁለቱም ወገን ማንም ስለማይወደው ነው። አዲሱ ሹም ተርስታን ወጣት ነው፤ ካባው እጅግ ንጹሕ፣ ፊቱም ክብሩን ላለመጣል የሚጠነቀቅ ሰው ፊት ነበር። ነፃ ሰዎች ሁሉ ጦራቸውን አነካክተዋል። ተርስታን የራሱን ጦር ሊተክል ከፍ አደረገ።

«የሰሜን ሠራዊት መጣ» አለ ኦስጎድ።

ኦስጎድ የደቡቡ ወገን አፈ ጉባኤ ነው፤ በወንዙ ላይ መልካ አለው፣ ሰው በጀልባ ያሻግራል፣ አዲሱ ወረዳም «የኦስጎድ መልካ» ተብሎ እንዲጠራ ይፈልጋል። ሁሉም ወደ ጠቆመበት ዞሩ። አርንኬል ውሾቹን አስከትሎ ሽቅብ እየወጣ ነው።

«ይቆይ ጌታዬ፤ አይትከሉት» አለ፤ ሌላ ለመናገር ትንፋሽ አልነበረውም።

ተርስታን ጦሩን በአየር ላይ እንደያዘ ቆመ። «ይህ ምንድን ነው?»

«ጦር ነው ጌታዬ።»

«ላዩ ላይ ያለችውስ?»

«ዛሬ ሚካኤል ነው።»

«ጌታዬ፣ ይህ ጦር አይደለም፤ ምሳ ነው» አለ ኦስጎድ። «ምሳ ይዞ የመጣ ሰው አንደበት ይኑረው ከተባለ እኔም ቤቴ ሄጄ አይብ ላምጣ።»

«ምሳው የኔ ነው፤ ጦሩ የአያቴ ነው» አለ አርንኬል።

ተርስታን ጨነቀው። እንዲህ ያለውን ጉዳይ ማንም አላስተማረውም። ስለዚህ ሕጉን በቃሉ የሚያውቀው ሲዋርድ ተጠራ። ሲዋርድ ዐይኑ የጠፋ ሽማግሌ ነው፤ በሁለት ሰዎች ተደግፎ መጥቶ በዝይዋ ፊት ቆመና አየሩን በረጅሙ ሳበ።

«ከወፏ ወዲያ ብረት ይታያል?»

«የጣት ያህል ወጥቷል» አሉት።

«ሕጉ ብረቱ ይነካካ ይላል። ብረቱ ምን ለብሶ ይምጣ አይልም።» ትንሽ አሰበ። «እስቲ ወደኔ ጠጋ አድርጉት፤ በደንብ ልመርምረው።»

አስጠጉለት። ሲዋርድ በሁለት ጣቱ የዝይዋን ጎን ዳሰሰ፤ ጣቶቹን ወደ አፉ ወስዶም አንድ በአንድ ላሳቸው። ጉባኤው ትንፋሹን ይዞ ጠበቀ።

«ሽንኩርት ያንሳታል» አለ በመጨረሻ። «ጦሩ ግን ጦር ነው።»

አርንኬል ጦሩን ከሹሙ ጦር ጋር አነካካ። ብረት ከብረት ጋር ሲጋጭ የሚሰማው ያ የተከበረ ድምፅ ተሰማ፤ ወዲያውም ስቡ በተርስታን ጦር ላይ ተንቆርቁሮ በንጹሑ እጅጌ ውስጥ እስከ ክርኑ ገባ። ተርስታን ከደህና ቤተ ሰብ የተወለደ ስለ ነበር እጅጌውን እንኳ አላየም። ጦሩን ተከለና ጉባኤውን ከፈተ።

«ስሙ በሁሉም ብረት ይጸናል» አለ። «አንዲት ጦር እንኳ ሳትነሣ ከቀረች ስሙ ፈረሰ። ጀንበር እስክትጠልቅ ካልተስማማችሁ ስሙን የንጉሡ ሰዎች ያወጡታል።»

ጉምጉምታ ተነሣ። የንጉሡ ሰዎች ከፈረንሳይ በኩል የመጡ ኖርማኖች ናቸው፤ እነርሱ በገዛ ቋንቋቸው ስም ካወጡ ከዚያ ጉባኤ ውስጥ አንድ ሰው እንኳ የገዛ ወረዳውን ስም ሊጠራ አይችልም።

አርንኬል ወደ መካከል ወጣ። ንግግሩ ጦሩን በክብር ወደ ላይ የሚያነሣባቸው ቦታዎች ነበሩት፤ እነዚያን ቦታዎች ለመለወጥ አሁን ጊዜ የለም።

«ወንድሞቼ» ብሎ ጀመረ፤ «ስም ማለት በሞቱት ትከሻ ላይ የሚቆም ቤት ነው። ይህን ጦር ተመልከቱ።» ጦሩን አነሣ። ሁሉም ተመለከቱ። አንዲት ትኩስ ጠብታ ከዝይዋ ወርዳ በፊት መስመር በቆመ መላጣ ሰው አናት ላይ አረፈች።

«ተመለከትን» አለ መላጣው። «ቀጥል፤ ዝቅ አድርገህ ግን።»

«ይህ ጦር የጠጣው …»

«ስብ ነው» አለ አንድ ድምፅ።

«… የጠጣው የጠላት ደም ነው። ሲግቫልድ በጉብታው ላይ ሲቆም ከእርሱ ፊት የቆመ አልነበረም።»

«ከአንተ ፊት ግን ውሻ ሞልቷል» አለ ኦስጎድ።

እውነቱን ነበር። ውሾቹ እንደ ነፃ ሰዎች ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። ባለ አንድ ጆሮው ቢጫ ውሻ ከሁሉ ፊት ሆኖ ዐይኑን ሳያርገበግብ ያዳምጣል፤ በጋውን ሙሉ አርንኬል እንዲህ ያለ አድማጭ አላገኘም ነበር። ጦሩን በሚያነሣባቸው ቦታዎች ሁሉ ውሾቹ በአንድነት ብድግ ይላሉ፤ ሲያወርደው ይቀመጣሉ። ሕዝቡም ንግግሩን ትቶ እነርሱን ማየት ጀመረ።

ከዚያ ኦስጎድ ተናገረ። «እኔ ገና በሕይወት አለሁ። መልካው በስሜ ይጠራል። የቆመን ሰው ትቶ የሞተን ሰው መጥራት ምን ይባላል?»

«አንተ ያሻገርከው ሰው ሁሉ እግሩ ሳይረጥብ ወርዶ ያውቃል?» አለ አርንኬል።

«እግሩ ይረጥባል እንጂ ማዶ ይደርሳል። የአንተ አያት ማንን የት አደረሰ?»

«ጠላትን ወደ መቃብሩ አድርሷል።»

«ስሙን ንገረኛ። አንድ ጠላት በስም ጥራልኝ።»

አርንኬል አፉን ከፈተ፤ በጋውን ሙሉ ይህን ጥያቄ ላሞቹ ጠይቀውት አያውቁም ነበር።

ክርክሩ ቀጠለ። ሰሜኖች «መልካ» ሲባል ያጉረመርማሉ፤ ደቡቦች «ጉብታ» ሲባል ይሳለቃሉ። ጥላው እየረዘመ ሄደ፣ ሆድ መጮኽ ጀመረ፣ የዝይዋም ሽታ በኮረብታው ላይ ረበበ። በመጨረሻ ከወደ ኋላ አንድ የተራበ ሰው፣ ከየትኛው ወገን እንደሆነ እስከ ዛሬ ያልታወቀ፣ እንዲህ አለ፦

«በዝይዋ እንጥራውና እንብላት።»

መጀመሪያ ሲዋርድ ሳቀ። ከዚያ መላጣው ሳቀ። ከዚያ ሳቁ እንደ እሳት በደረቅ ሣር ላይ ተዛመተ፤ በግጦሽና በወሰን ሲካሰሱ የኖሩ ሰዎች አንዱ በሌላው ትከሻ ላይ ተደፍተው ሳቁ። ተርስታን እንኳ ፊቱን ወደ ፈረሱ አዙሮ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። «የዝይ ኮረብታ» እያሉ ጦራቸውን አነሡ፤ ብረቱም እየተጋጨ እንደ በረዶ ጮኸ።

ሁለት ጦር ብቻ ሳይነሣ ቀረ።

ኦስጎድ ክንዱን አጣጥፎ ቆሟል። «እሱ ካነሣ አነሣለሁ» አለ። «ግን አያነሣም። ዐውቀዋለሁ።»

ሁሉም ወደ አርንኬል ዞሩ። ክንዱ ድንጋይ ሆኖበታል። ካነሣ የአያቱ ስም በአንዲት ዝይ ተተክቶ ለዘላለም ይቀራል፤ ካላነሣ ኖርማኖች መጥተው ሁለቱንም ይደመስሳሉ። ጀንበር የዛፎቹን ጫፍ ነክታለች። አላነሣም አለ በልቡ፤ ይጥፋ እንጂ በዝይ አይለወጥም።

በዚህ ጊዜ ጉንቮር የእንጨት ሳህንና ዳቦ ይዛ እያለከለከች ደረሰች። የሆነውን ከዳር የቆሙት ነገሯት። በጉባኤ መካከል ሴት አትናገርም፤ በባል ጆሮ ስለ መናገር ግን ሕጉ ያለው ነገር የለም። ቀርባ እጅጌውን ያዘች።

«አያትህ በዚህ ጦር ማንን የወጋበት ይመስልሃል?»

«አሁን ተዪኝ ጉንቮር።»

«ሙሽራ ሆኜ የመጣሁ ሰሞን አንተ እርሻ ውለህ፣ እሱ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጦ አሳየኝ። ‘ጥርሶቹን አየሻቸው የኔ ልጅ? ወፏ እሳት ላይ እንዳትሽከረከር ይይዟታል’ አለኝ። እኔ ከራሴ ያመጣሁት መሰለህ እንዴ? ሲያሠራውም ለዝይ ብሎ ነው ያሠራው። አንዴ አሳማ ሞክሮበት አልሆነለትም።»

አርንኬል ወደ ጦሩ አየ። ወደ ጥርሶቹ አየ። «ጉብታውስ?» አለ በሹክሹክታ። «በየማለዳው እዚያ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። በዐይኔ አይቻለሁ።»

«ዝይ ነበር የሚጠብቀው። ቀበሮ አስቸግሮት።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አትንገሪው አለኝ። ‘ልጁ እኔን ጦረኛ ነበር ብሎ ያስባል፤ ደስ ካለው ምን ቸገረሽ’ አለኝ። ይኸው ደስ ብሎህ ኖርክ።»

አርንኬል የሚጠብቀው ቁጣ ነበር፤ የመጣው ግን ሌላ ነገር ሆነ። ከሆዱ ሥር ተነሣ፣ ካባውን አናወጠው፣ ጢሙ ጋ ሲደርስ ሊይዘው ሞከረና አመለጠው። በዚያ አገር አርንኬል ሲስቅ ያየ ሰው አልነበረም፤ ስለዚህ በቅርብ የነበሩት ታሞ ነው ብለው ሊደግፉት መጡ። እርሱ ግን ገፋቸውና እንባው በጉንጩ እየወረደ የሲግቫልድን ጦር ከነዝይዋ እስከ ክንዱ ጫፍ ድረስ ወደ ሰማይ አነሣ። ውሾቹ በአንድነት ብድግ አሉ።

«የዝይ ኮረብታ» አለ፤ በጋውን ሙሉ ለሌላ ስም ባዘጋጀው ድምፅ።

ኦስጎድ አፉ ተከፍቶ ቀረ። በጉባኤ ፊት ተናግሯልና ከቃሉ ሊሸሽ አልቻለም፤ እያጉረመረመ ጦሩን አነሣ። ብረቱ ሁሉ ተጋጨ፤ ጀንበርም ጠለቀች።

ከዚያ በኮረብታው አናት ላይ እሳት ነደደ። ጉንቮር ዝይዋን መልሳ አዞረቻት፤ ኦስጎድ ራሱ እንጨት አቀበለ፤ ተርስታን እጅጌውን ሰብስቦ መሬት ላይ ተቀመጠ። አንዲት ዝይ ለዚያ ሁሉ ሰው ጉርሻ እንኳ አትሆንም፤ ሆኖም በዳቦ እያጣቀሰ ስቧን ያልቀመሰ አልነበረም። ቆዳው ለሲዋርድ ተሰጠው፤ እርሱም ፍርዱን አልለወጠም፣ ሽንኩርት ያንሳታል። አንገቷን ባለ አንድ ጆሮው ውሻ ወሰደ፤ ዳግመኛም በዚያ አገር አልታየም።

ከዚያ ወዲህ አርንኬል በችሎት ቆሞ «ወረዳህ የት ነው?» ተብሎ በተጠየቀ ጊዜ አገጩን ቀና፣ ደረቱን ነፋ አድርጎ «የዝይ ኮረብታ ነኝ» ይል ነበር፤ ሌላው ሰው የዘር ሐረጉን በሚቈጥርበት ድምፅ። ሰዎቹ በትሕትናው ይደነቁ ነበር። ትሕትና ግን አልነበረም፤ ያው የድሮው ኩራት ነው፣ ትክክለኛውን አያት ያገኘው ገና አሁን ስለሆነ ብቻ የማይጎዳ ሆነ።

ጉንቮር በሚቀጥለው ፋሲካ የተሰበረውን የመጥበሻ ዘንግ እንዲጠግን እንደገና ጠየቀችው።

«ምን ያደርግልናል?» አለ፤ ጦሩን ከግድግዳው ላይ በሁለት እጁ በክብር እያወረደ። «ዝይዋን አምጪያት።»